ጥርሱ ያላለቀ ጎማ

ላስ ቬጋስ ዳርቻ፣ ሰዎች ሞተርሆማቸውን በወር ኪራይ የሚያቆሙበት የታጠረ ግቢ። ጊዜው ማለዳ ነው፤ በሐምሌ ወር እዚህ ከተማ ረፋዱ ካለፈ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ መሥራት የሚታሰብ አይደለም። ባለመኪናው ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያገለገለ ሞተርሆም ገዝተው ከባለቤታቸው ጋር አገር ለማየት ተነሥተው ነበር፤ መሪው ግን አላስቀምጥ አላቸው። መካኒኩ ሥራውን ሶማሌ ተራ የለመደ፣ አሜሪካ ከመጣ በኋላም ከከባድ መኪና ጎማና ከፊት እግር ሥራ ያልወጣ ነው። መሣሪያውን ፒካፕ ላይ ጭኖ መኪናው ወዳለበት ይሄዳል።

መካኒኩ፦ እንደምን አደሩ ጋሼ? እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ክሪኩን ከማውረዴ በፊት እስቲ ትንሽ እናውራ። መንቀጥቀጡ የሚሰማዎት ምኑ ላይ ነው?

ሾፌሩ፦ ምኑ ላይ ትለኛለህ! ስልሳ ማይል ስገባ መሪው እንደ ወንፊት ይርገበገብብኛል። ባላንስ አስደረግኩ። ተመልሼ ሄጄ አሁንም ባላንስ አስደረግኩ። አላይመንት ነው አሉኝ፣ ከፈልኩ። የመሪው ዳምፐር ነው አሉኝ፣ ቀየሩት። ገንዘቤን ተቀብለው መኪናዬን እንደነበረ ሰጡኝ።

መካኒኩ፦ የከፈሉትን በኋላ አብረን እናዝንበታለን። ስንት ላይ ነው የሚጀምረው?

ሾፌሩ፦ ሃምሳ አምስት አካባቢ። ስልሳ ላይ ይብሳል። ከስልሳ አምስት ካለፍኩ ቀለል የሚል ይመስለኛል፤ ግን ቤት እየነዳሁ ምን ያስቸኩለኛል፣ ብዙም አልሄድበትም።

መካኒኩ፦ እጅዎ ላይ ነው ወይስ መቀመጫው ላይ?

ሾፌሩ፦ እጄ ላይ። መቀመጫው ደህና ነው።

መካኒኩ፦ መሪ ላይ የሚሰማ ነገር ከፊት ጎማዎች ነው የሚመጣው፤ ወለልና መቀመጫ ላይ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ ግን አልምልም። በዚህ ዓይነት መኪና ሾፌሩ የሚቀመጠው ከፊተኛው አክስል ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የፊቱ ጣጣ መቀመጫው ላይም ሊወጣ ይችላል። ፍሬን ሲይዙ ይብሳል?

ሾፌሩ፦ አይብስም።

መካኒኩ፦ ነዳጅ ሲለቁስ?

ሾፌሩ፦ ያው ነው። ፍጥነቱ እስኪወርድ ድረስ ያው ነው።

መካኒኩ፦ ዳገት ላይ ማርሹ ወርዶ ሞተሩ ሲጮህ፣ መኪናው ግን እዚያው ስልሳ ላይ ሲሆን?

ሾፌሩ፦ እሱን እንኳ ልብ ብዬዋለሁ። ወደ ዩታ ስንወጣ፣ የቨርጂን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሞተሩ ሲያጓራ መሪው እንደዚያው ነበር። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

መካኒኩ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከሞተሩ ተገላገልን። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ነገር ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲፈጥን እሱም ይፈጥን ነበር። የእርስዎ የሚከተለው የመኪናውን ፍጥነት ብቻ ነው። ፍሬን ሲይዙ አለመባሱ ደግሞ የፍሬን ዲስኩን ለጊዜው ወደ ጎን እንድናደርገው ይፈቅድልናል።

ሾፌሩ፦ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግስ? አንዱ እሱንም ጠርጥሮ ነበር።

መካኒኩ፦ ቁጥሩን ላሳይዎት። ጎማዎ 245/70አር19.5 ነው። ቁመቱ 84 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ከ60 ያህል ይሄዳል። 60 ማይል በሰዓት ማለት በሴኮንድ 27 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ስልሳ ላይ ጎማው በሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ያበጠ ወይም የከበደ ከሆነ በሴኮንድ 10 ጊዜ ይደልቃል። ይሄን እጅ ያውቀዋል፤ መሪው ሄዶ ሲመለስ በዓይንም ይታያል። ዘንጉ ግን በዚህ መኪና ጎማው አንዴ ሲዞር እሱ ከአምስት ጊዜ በላይ ነው የሚዞረው፤ በሴኮንድ ከ50 በላይ ማለት ነው። እሱ እጅ አያወዛውዝም። እግር ሥር ያነዝራል፣ ጆሮ ላይ ያጉረመርማል።

ሾፌሩ፦ የእኔ አያጉረመርምም። ይሄን ደግሞ ማንም አልነገረኝም።

መካኒኩ፦ ማን ይንገርዎት፤ የሚከፈለው ለመቀየር እንጂ ለመጠየቅ አይደለም።

ባለቤታቸው፦ እኔንም የሚጠይቀኝ ቢኖር ጥሩ ነበር። እዚያ ውስጥ የምቀመጠው እሱ ብቻ አይደለም።

መካኒኩ፦ ይቅርታ እትዬ። ይንገሩኝ።

ባለቤታቸው፦ እሱ የሚያወራው ስለ ስልሳው ብቻ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ያለው ነው። ገና ቀስ እያለ ሳለ ዱብ ዱብ ይላል፤ ቁምሳጥን ውስጥ ያሉት ሲኒዎች ይንጫጫሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ይተዋል። ከዚያ ሌላ ደግሞ አለ፤ አፍንጫው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። እሱ ግማሽ ሰዓት ሄድን ብሎ አይተውም። መብራት ጋ ስንደርስ፣ ማደያ ስንገባ፣ ቀስ ባልን ቁጥር አለ።

ሾፌሩ፦ ይሄን መቼ ነው ያልሺኝ?

ባለቤታቸው፦ ያልኩህማ ብዙ ጊዜ ነው። “መንገዱ ነው” ትለኛለህ።

መካኒኩ፦ በየትኛው ጎን ነው እትዬ?

ባለቤታቸው፦ በእኔ በኩል። እዚሁ እግሬ ሥር።

መካኒኩ፦ አሁን ነገሩ ተለያየ። ሁለት በሽታ ነው አንድ ላይ የተደባለቀው። ዱብ ዱብ ብሎ የሚተወው ጎማው ቆሞ የከረመበት ነው። መሬቱን የነካው በኩል ጠፍጥፎ ይቀራል፤ ሲሞቅ ቅርጹን ይመልሳል። በጣም ብዙ ከቆመ ላይመልስም ይችላል፤ የእናንተ ግን ይመለሳል። እሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ በዝግታ የሚወዛወዘው ነው።

ሾፌሩ፦ ለምን? ቀስ እያልን እኮ ነው፤ ምን ያመጣል?

መካኒኩ፦ ቀስ እያላችሁ ስለሆነማ ነው። የባላንስ ጉድለት በዝግታ አይሰማም። የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ስልሳ ላይ እጅዎን የሚያንቀጠቅጥ የክብደት ልዩነት ዐሥራ አምስት ላይ ከዐሥራ ስድስት አንዱ እንኳ ቢቀር ነው፤ ይሄን የሚያህል መኪና ላይ ማንም አያውቀውም። በዝግታ የሚወዛወዝ ከሆነ ጎማው አልከበደም፤ ቅርጹ ተበላሽቷል።

ሾፌሩ፦ ጎማ እንዳትለኝ ብቻ። ና እይ። ጥርሱን እይ! ገና ሙሉ ነው። እኔ ታክሲ ላይ ስንት ጎማ ጨርሻለሁ፤ ጎማ መቼ እንደሚሞት ለእኔ አይነገርም።

መካኒኩ፦ የታክሲ ጎማ የሚሞተው በመሄድ ነው ጋሼ። ዕድሜ ከመቁጠሩ በፊት ጥርሱ ያልቃል፤ ስለዚህ ጥርሱን አይቶ መፍረድ ትክክል ነበር። ይሄኛው የሚሞተው በመቆም ነው። እስቲ ባትሪውን ያብሩልኝና ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው መስመር መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡልኝ።

ሾፌሩ፦ ሁለት፣ ሦስት… አንድ፣ አራት።

መካኒኩ፦ በፈረንጆቹ 2014፣ 23ኛው ሳምንት። ጁን መጀመሪያ ላይ ከፋብሪካ የወጣ ነው። ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ ጎማ መሆን አለበት።

ሾፌሩ፦ ሻጩ “ማይሉ ትንሽ ነው” ብሎ ነው የሸጠልኝ። ደግሞ አልዋሸም፤ ትንሽ ነው።

መካኒኩ፦ አልዋሸም፤ ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ላስቲኩ ሲሠራ ከኦዞንና ከአየር እንዲከላከለው ሰምና ኬሚካል ይጨመርበታል። ጎማው ሲሄድ፣ ሲጨፈለቅና ሲመለስ፣ ያ ሰም ከውስጥ እየወጣ ላዩን ይቀባዋል። የቆመ ጎማ ግን አይቀባም። በዚያ ላይ የኔቫዳ ፀሐይ ይጨመርበት። ይኸው፣ ጎኑ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ስንጥቆች አዩዋቸው? እነዚህ የሚታዩት ናቸው፤ የማይታየው ደግሞ ውስጥ፣ የሽቦ ቀበቶው ከላስቲኩ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ላይ ነው። ሚሼሊን ጎማው 5 ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፣ 10 ዓመት ሲሞላው ጥርሱ ምንም ቢሆን ይቀየር ነው የሚለው።

ባለቤታቸው፦ እኛ ታዲያ በዚህ ነው ዩታ ደርሰን የመጣነው?

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው እንዲሁ ነው እትዬ። በዚህ አገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ጂ159 የሚባል የጉድይር ጎማ ነበር፤ መጠኑ 275/70አር22.5፣ ከ1996 እስከ 2003 የተመረተ። ትላልቅ ሞተርሆሞች ላይ ተገጠመ። ጥርሱ እየተገነጠለ ሰው የሞተበት አደጋ ደረሰ፣ ፍርድ ቤት ለዓመታት ተካሰሱበት። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ምርመራ የከፈተው በ2017 መጨረሻ ነው፤ ኩባንያው ጎማው ይመለስልኝ ብሎ የጠራው በ2022። ኩባንያው ጎማው የደህንነት እንከን የለበትም ባይ ነው፤ እሱን ለጠበቆች እንተወው። እኔን የሚገርመኝ ቀኑ ነው። መመረት ካቆመ 19 ዓመት የሆነው ጎማ ለምን ይሰበሰባል? ታክሲ ላይ ቢሆን ገና ዱሮ ተጥሏል። ሞተርሆም ላይ ግን ጥርሱ እንደሞላ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሊገኝ ይችላል።

ሾፌሩ፦ እሺ፣ በወሬ አልገዛም። አሳየኝ።

መካኒኩ፦ ላሳይዎት። መጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ከፊትና ከኋላ ታኮ እናድርግ።

ሾፌሩ፦ የእጅ ፍሬኑን ይዤዋለሁ እኮ።

መካኒኩ፦ የፎርድ ኤፍ53 ሻሲ ነው ይሄ፤ የእጅ ፍሬኑ ዘንጉን እንጂ ጎማውን አይደለም የሚይዘው። ከኋላ አንዱ ጎን ከመሬት ቢነሳ ዲፈረንሻሉ ሌላውን ጎን ይለቅና መኪናው ይንከባለላል። አሁን የማነሳው የፊቱን ቢሆንም ታኮ ሳላደርግ ሥሩ አልገባም። መኪናው ራሱ ይዞት በመጣው ማስተካከያ እግርም ጎማ ለመፍታት ብለው እንዳያነሱት፤ እሱ ስትተኙ ወለሉን ለማስተካከል ነው።

(ክሪኩ ከአክስሉ ሥር ገብቶ የቀኙ የፊት ጎማ ከመሬት ይነሳል። መካኒኩ የብረት መደገፊያ ያስገባና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቀንቀዋል።)

መካኒኩ፦ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። ጋሼ፣ ገብተው ፍሬን ይርገጡልኝ። …አሁን ቆመች። ይልቀቁ። …አለች። ይርገጡ። …የለችም።

ሾፌሩ፦ ምን ማለት ነው?

መካኒኩ፦ ፍሬኑ ሲረገጥ ጎማውና ሞዞው ከአክስሉ ጫፍ ጋር አንድ ይሆናሉ፤ ንቅናቄው በፍሬን ከጠፋ የሞዞው ኩሽኔታ ነው። በፍሬንም ካልጠፋ ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት ፔርኖ ተበልቷል ማለት ነው፤ እሱ ሌላ ሂሳብ ነበር። የእርስዎ ፔርኖ ደህና ነው። የኩሽኔታውም ልቀት በልኩ ናት፤ ሾጣጣ ኩሽኔታ ትንሽ ልቀት ይፈልጋል፣ ጨርሶ ቢታሰር ይቃጠላል። ግራና ቀኝ ይዤ ስነቀንቀውም የመሪው ዘንግ ጫፎች አይላሉም። እግሩ ጤነኛ ነው።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ያ ሁሉ አላይመንትና ዳምፐር?

መካኒኩ፦ አላይመንት መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድና ጎማው እኩል እንዲበላ ነው። ለብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ከቆየ ጎማውን እየቀረደደ በዚያ በኩል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ራሱ ግን አያንቀጠቅጥም። ዳምፐሩ ደግሞ ንዝረቱ ወደ እጅዎ እንዳይደርስ ይውጣል። ንዝረቱን የሚያመጣው ነገር እዚያው እንዳለ ነው።

(የጠመኔ ቁራጭ መደገፊያው ላይ አስተኝቶ ጫፏ የጎማውን ጥርስ ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ያቆማታል።)

መካኒኩ፦ አሁን ያዙሩልኝ። ቀስ ብለው፤ በእጅዎ ብቻ።

ሾፌሩ፦ እያዞርኩ ነው።

መካኒኩ፦ አልነካም… አልነካም… አልነካም… ቆይ! አዩት?

ሾፌሩ፦ ነጭ ሠራ።

መካኒኩ፦ ይጨርሱት። ሙሉ ዙር። …አያችሁ፣ የጻፈው እዚህች ሁለት መዳፍ በማትሞላ ቦታ ላይ ብቻ ነው። አሁን ጠመኔውን ወደ ቸርኬው ጠርዝ ላዛውር፤ ያዙሩት። …ዙሪያውን እኩል ነው የዳሰሰው። ቸርኬው አልተጣመመም፣ አቀማመጡም ደህና ነው። ያበጠው ጎማው ነው። በመለኪያ ሰዓቱ ላረጋግጥ። …ከ4 ሚሊ ሜትር አልፏል። ለከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚፈቀደው።

ሾፌሩ፦ በዓይን አይታይም እኮ።

መካኒኩ፦ ይታያል። ፊት ለፊት ይቁሙና የመሀሉን ቦይ ብቻ ይከተሉ። እትዬም ይምጡ። ላዙረው።

ባለቤታቸው፦ ቀጥ ብሎ ይሄዳል… እዚህ ጋ ጎበጥ አለ!

ሾፌሩ፦ እውነትም። መስመሩ ወደ ውጭ ወጥቶ ተመለሰ።

መካኒኩ፦ እጅዎን ያሳልፉበት። ጠመኔ የነካው ቦታ ላይ ከፍ ይላል፣ ሲጫኑት ደግሞ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይለሰልሳል። ከሥሩ ያለው የሽቦ ቀበቶ ከላስቲኩ ተላቅቆ ወደ ጎን ተንሸራቷል። እትዬ በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል ያሉት ይሄንን ነው። ስልሳ ላይ መሪውን የሚመታው ግን ዕብጠቱ ነው።

ሾፌሩ፦ ባላንስ ማሽኑ ግን ዜሮ አለ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት።

መካኒኩ፦ ማሽኑም አልዋሸም። ያ ማሽን ጎማውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚያሽከረክረው፤ የሚጠይቀው ክብደቱ የት ላይ ይበዛል ብሎ ብቻ ነው። ከዚያ እርሳስ ይለጠፍና ይካካሳል። ይኸው፣ ቸርኬው ላይ የተደረደረውን እርሳስ አላዩም? ይሄን ያህል እርሳስ የጠየቀ ጎማ ሲገጥመው አንድ ጎሚስታ እጁን አንሥቶ “ይሄ ነገር ምንድን ነው?” ማለት ነበረበት። ዕንቁላል የሚመስል ጎማም በሚገባ ባላንስ ይደረጋል፤ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ያው ዕንቁላል ነው። ሮለር እያስጠጋ፣ መኪናው እንደሚጫነው ተጭኖ የሚለካ ማሽን አለ፤ እሱ ቢሆን ወዲያው ያሳይ ነበር። በዚህ መጠን ጎማ ላይ የሚሠራውን ግን ሁሉም ቤት አያገኙትም።

ሾፌሩ፦ ጎማ ውስጥ የሚጨመር የብርጭቆ አሸዋ አለ ይላሉ። ራሱን በራሱ ባላንስ ያደርጋል ብለውኝ ነበር።

መካኒኩ፦ ለክብደት ጉድለት የሚወዱት ሾፌሮች አሉ፣ አልከራከርም። ለዕብጠት ግን ምንም አያደርግም። የተላቀቀ ቀበቶ ባለበት ጎማ ላይ ምልክቱን የሚያደበዝዝ ነገር መጨመር ደግሞ እኔ አላደርገውም።

ሾፌሩ፦ እሺ። እንዲህ እናድርግ። ይሄን ወደ ኋላ እንውሰደው። ከኋላ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ይደግፋል። መሪውም አይንቀጠቀጥም።

መካኒኩ፦ መሪው አይንቀጠቀጥም፤ እውነት ነው። ጋሼ፣ ከኋላ ጎማ በላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ከጎማው በላይ ያለው ቀጭን እንጨትና ፋይበር ነው። የውኃ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አንዳንዱ መኪና ላይ የጋዝ መስመርም በዚያው ያልፋል። ጥርሱ ከነሽቦው ተገንጥሎ ሲገረፍ ያን ሁሉ ይዘነጥላል። ከፊት ሲሆን ቢያንስ መሪው ያስጠነቅቅዎታል። ከኋላ የሚያስጠነቅቅዎ የለም፤ ሲፈነዳ ነው የሚሰሙት። አይ፣ ይሄ ጎማ የትም አይገጠምም።

ባለቤታቸው፦ ተወው አንተ ደግሞ። ይጣል።

መካኒኩ፦ ነፋሱን ልለካው፤ ገና ሳይሞቅ ነው የሚለካው። ቀኙ 78። ግራው 82። ምን ያህል ነው የሚሞሉት?

ሾፌሩ፦ ለስለስ እንዲል ብዬ ዝቅ አደርገዋለሁ። መቶ ስሞላው እያንዳንዱን የመንገድ ስንጥቅ ይቆጥርብኛል።

መካኒኩ፦ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ይሄ ጎማ 4,540 ፓውንድ የሚሸከመው በ110 ፒኤስአይ ነው። ነፋሱ ሲቀንስ የሚሸከመውም ይቀንሳል። ጎማው ይበልጥ ይጨፈለቃል፣ ይሞቃል፤ ያረጀውን ማጣበቂያ የሚጨርሰው ሙቀት ነው። እርስዎ ግን ፊትዎ ስንት እንደሚመዝን ሳያውቁ ነው ቁጥር የሚመርጡት።

ሾፌሩ፦ አንተስ ታውቀዋለህ?

መካኒኩ፦ እኔም አላውቅም፤ ስለዚህ ቁጥር አልሰጥዎትም። የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ማደያ ሚዛን አለ። ለመንገድ እንደምትወጡት ሆናችሁ ሂዱ፤ ውኃው ሞልቶ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ። ውኃ ብቻውን አንድ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ነው፤ ታንኩ ሲሞላ ስንት ሰው እንደጨመራችሁ ይገባችኋል። የሚቻል ከሆነ ግራና ቀኙን ለየብቻ አስመዝኑ፤ ፍሪጁና ጀነሬተሩ በአንድ በኩል ተከማችቶ አንደኛው ጎን ከብዶ የሚገኝበት መኪና ብዙ ነው። ከዚያ የጎማው ፋብሪካ ባወጣው የክብደትና የነፋስ ሠንጠረዥ ላይ የከበደውን ጎን ቁጥር ይዛችሁ ለሁለቱም ያንኑ ትሞላላችሁ። እስከዚያ ድረስ የመኪናው ፋብሪካ የለጠፈውን ቁጥር ተከተሉ።

ባለቤታቸው፦ ዓርብ ዕለት ዛዮን ፓርክ ቦታ ይዤ ነበር። ቀስ ብለን ብንሄድስ?

መካኒኩ፦ እትዬ፣ ከዚህ በር አትወጡም። ያ የቨርጂን ወንዝ ሸለቆ ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ የፊት ጎማ እዚያ ውስጥ ቢፈነዳ የሚቆምበት ቦታ እንኳ ጠባብ ነው። ጎማ የሚገጥም መኪና እዚሁ ግቢ ድረስ ይመጣል፤ እኔ እደውላለሁ።

ሾፌሩ፦ አንዱን አይደል? የቀኙን።

መካኒኩ፦ ሁለቱንም።

ሾፌሩ፦ ግራው ምን አደረገ?

መካኒኩ፦ ምንም አላደረገም። ቀኑን ያንብቡ።

ሾፌሩ፦ …2314።

መካኒኩ፦ ያው ሳምንት፣ ያው ፀሐይ። ደግሞ ፊት ላይ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊሳብ ይችላል፤ ያኔ መልሰው አላይመንት ሊሸጡልዎት ነው።

ሾፌሩ፦ ከኋላ ያሉትስ? አራት ናቸው እኮ። ስድስት ጎማ ግዛ ልትለኝ ነው?

መካኒኩ፦ ሳላይ አልልም። የውጮቹ ላይ ቀኑ አይታይም፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚታተመው፤ ወደ ውስጥ ዞሮ ተገጥሟል። ባትሪውን ይስጡኝ፣ ሥሩ ልግባ።

(ከመኪናው ሥር ድምፁ ይሰማል።)

መካኒኩ፦ 1819። …ይሄም 1819። በዚህም በኩል… 1819። አራቱም አንድ ናቸው፤ በ2019 ሜይ መጀመሪያ። ሻጩ የኋላውን ቀይሮ የፊቱን ትቶታል ማለት ነው።

ባለቤታቸው፦ እነሱስ ታዲያ አላረጁም?

መካኒኩ፦ 5 ዓመቱን አልፈዋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ መታየት አለባቸው። ስንጥቅ አላየሁባቸውም፣ ዕብጠትም የለም። ዘንድሮ ተዉአቸው። ግን ገንዘቡን ከአሁኑ እያስቀመጣችሁ።

ሾፌሩ፦ አዲሶቹን ደግሞ ቆመው እንዳያረጁብኝ ምን ላድርግ?

መካኒኩ፦ ስታቆሙት ሸፍኑት፤ ፀሐዩ እንዳይነካው። ነፋሱን ሞልታችሁ አቁሙት። በወር አንዴ ደግሞ አውጥታችሁ ንዱት፤ ሞተሩን አስነሥቶ እዚሁ ማስጮህ ሳይሆን ጎማው እስኪሞቅ ድረስ መንዳት። እርስዎ ደግሞ መንዳት አይጠሉም።

ባለቤታቸው፦ እሱማ ለወተት ቢላክ ሪኖ ደርሶ ይመጣል።

መካኒኩ፦ ሰዎቹ ሲመጡ እኔም እኖራለሁ። የሞዞው ፊት ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ካልጸዳ ቸርኬው ደህና ሆኖ አይቀመጥም፤ አዲስ ጎማ ተገጥሞም እንደገና ይንቀጠቀጣል። ያ የሚያብረቀርቀው የቸርኬ ክዳንም ዳዶዎቹን ስለሚሸፍን መላላታቸውን ማየት አይቻልም። ክዳኑን ለጥቂት ጊዜ እንዳይመልሱት። ዳዶዎቹን በአየር ጠመንጃ አስሮ የሚሄድ ሰው አልፈልግም፤ በተራ ፊት ለፊት እየተዘለለ፣ የመጨረሻው ማጥበቅ በቶርክ ቁልፍ ነው፤ ልኩ በመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ።

ሾፌሩ፦ ከዚያ ጨረስን?

መካኒኩ፦ አልጨረስንም። ከ50 እስከ 100 ማይል ከሄዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹ በቶርክ ቁልፉ እንደገና መፈተሽ አለባቸው። ሜስኪት ከዚህ 80 ማይል ነው፤ እዚያ ነዳጅ ስትቀዱ ትፈትሹታላችሁ።

ሾፌሩ፦ ቁልፉን ከየት አመጣለሁ?

መካኒኩ፦ የእኔን አውስዎታለሁ።

ባለቤታቸው፦ እንግዲያው ዛዮንን ወደሚቀጥለው ሳምንት ላዛውረው። አንተ ደውልላቸው፤ ሁለት ጎማ።